ኢንሹራንስዎ መቱ ድረስ ይመጣል?

የመሥሪያ ቤትዎ የጤና ኢንሹራንስ ውል የሚታደስበት ጊዜ ሲቃረብ የሚናፈሰው ወሬ ይታወቃል፤ «ዘንድሮም አረቦኑ ጨምሯል» ይባላል። አሠሪዎ ጭማሪውን ከቻለው እፎይ ይላሉ። ካልቻለው ከደመወዝዎ ይቆረጣል፤ አለዚያም የባለቤትዎና የልጆችዎ ሽፋን ይቀራል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ ወይም በሁሩሙ የሚኖሩ ከሆነ ግን ከዋጋው እኩል ሊያሳስብዎ የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይህ ኢንሹራንስ እኛ ያለንበት ድረስ ይመጣል ወይ?

ዋጋው ለምን ይጨምራል?

የጤና ኢንሹራንስ ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ኩባንያው ባለፈው ዓመት ለሕክምና የከፈለውን አስልቶ የመጪውን አረቦን ይተምናል። የግል ሆስፒታሎች ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር አረቦኑም ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒቱም፣ የላቦራቶሪ ኬሚካሉም፣ የምርመራ መሣሪያውም በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ጭማሪው ሐኪም ቤት ደጃፍ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

አረቦኑ ባይጨምርም አልዳንኩም ይበሉ። አንዳንድ አሠሪ ክፍያው እንዳይንር የሽፋኑን ጣሪያ ባለበት ያቆየዋል። ለምሳሌ ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 40,000 ብር ከሆነ፣ የሕክምና ዋጋ በእጥፍ ሲያድግ በወረቀት ላይ ያው 40,000 ነው፤ የሚያሳክመው ግን የቀድሞውን ግማሽ ነው። ቀሪው ከኪስዎ ይወጣል።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ

መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኩባንያዎቹ ውል የገቡባቸው የግል ሆስፒታሎች ደግሞ በብዛት ያሉት አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። የኢሉባቦር ነዋሪ ሲታመም በመጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ወይም መቱ ካርል ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በበደሌ በኩል ወደ ጅማ፣ ሲብስም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ውል በሌለበት ተቋም ሲታከሙ ከኪስዎ ከፍለው በደረሰኝ ማስመለስ ሊኖርብዎ ነው። የመኪናው፣ የአልጋውና የአስታማሚው ወጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ነው። አዲስ አበባ ካለው ባልደረባዎ ጋር እኩል አረቦን ቢከፈልልዎም የሚያገኙት አገልግሎት እኩል አይደለም።

መንግሥት ምን አሰበ?

የመንግሥት ዕቅድ ሁለት በር ነበረው። አንደኛው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። የታሰበው ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሁሉ ነው። ያኔ በኦሮሚያ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ ከፍ ብሏል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍላል።

ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድህን ነው። ይህ ለደመወዝተኛው የታሰበ ሲሆን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ሥራው ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ቆየ። ሠራተኛው ያነሳው ቅሬታም ቀላል አልነበረም፤ ኑሮው በከበደበት ጊዜ ከደመወዙ ተቆርጦ፣ መድኃኒት በየጊዜው ከሚጠፋበት ሆስፒታል ምን ሊያገኝ ነው?

መሃል ላይ የቀረው እንግዲህ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና ነርሷ ናቸው። የገበሬው መድህን ለእነሱ አልተዘጋጀም፣ የደመወዝተኛው ዘገየባቸው፣ የግሉ ተወደደባቸው። የግሉን መወደድ የሚያባብሰውም ይኸው ክፍተት ነው። መድህን እንደ ዕድር ነው፤ ጤነኛውም ታማሚውም ሲያዋጣ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩበት ይከብዳል። በሺህ የሚቆጠር ደመወዝተኛ አንድ ቋት ውስጥ ቢያዋጣ የሚደርስበትን ዋጋ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ለብቻው ተደራድሮ አያገኘውም።

እስከዚያው እርስዎ ምን ያድርጉ?

• ውሉ ከመታደሱ በፊት የሆስፒታሎቹን ዝርዝር ይጠይቁ። በመቱ፣ በበደሌና በጅማ ውል የተገባበት ተቋም ከሌለ ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው እንዲጨመር ለአሠሪዎ ያመልክቱ። ብቻዎን ከሚጠይቁ በጋራ ቢጠይቁ ይደመጣሉ።

• ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ? ወሊድ፣ ጥርስና መነጽር ይጨምራል? ቀድሞ የነበረ ስኳር ወይም ደም ግፊትስ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዙ።

• ከፍለው የሚያስመልሱ ከሆነ ደረሰኙን፣ የሐኪም ማዘዣውንና የሪፈር ወረቀቱን አንድ ላይ ያስቀምጡ። ማቅረቢያው ቀነ ገደብ እንዳለውም አይርሱ።

• ገጠር ያሉ ወላጆችዎን ያስታውሱ። ቡና አምራቹ አባትዎ ቢታመሙ ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። የማኅበረሰብ አቀፉን መድህን ዓመታዊ መዋጮ እርስዎ ሊከፍሉላቸው ይችላሉ። ብዙ ቦታ ምዝገባውና እድሳቱ ቡናው ተለቅሞ እጅ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት ስለሚካሄድ ቀኑን ከቀበሌያቸው ያጣሩ። አባሉ ድንገተኛ ሕመም ካልገጠመው በቀር መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ እንዳለበትም ይንገሯቸው፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል።

ከእነዚህ ውስጥ የአረቦኑን መናር የሚያስቆም የለም። ሌሊት ልጅዎ ቢታመም ግን የት እንደሚሄዱና ማን እንደሚከፍል ቀድመው ያውቃሉ። የሚቀጥለው እድሳት መቼ እንደሆነ ነገ ቢሮ ሲገቡ ይጠይቁ።