የአሮጌ ፒክአፕ መኪና የፊት እግር ቦታና የመለዋወጫ ትእዛዝ

በአሜሪካን አገር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ፒክአፕ መኪናዎችን ማደስ እስከ ዛሬ ድረስ ሰፊ የመለዋወጫ ንግድ አስገኝቷል። ከነዚህም ዕቃዎች አንዱ፥ በነባሩ አክስልና ባሌስትራ ምትክ የሚገባውና ሁለቱ የፊት እግሮች እያንዳንዳቸው በየሞላቸው ለብቻ የሚንቀሳቀሱበት ክፍል ነው። ዕቃው በሳጥን ታሽጎ ሲደርስ ምንም የጐደለው አይመስልም። ይሁን እንጂ የፊት እግር የሚያርፍበት ቦታ ከሳጥኑ ጋር አይመጣም፤ እሱን የሚወስነው ልክ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል የፎርድን ፒክአፕ መመልከት ይቻላል። ከ1948 እስከ 1952 የተሠራው ኤፍ 1 ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 114 ኢንች ነበረው። በ1953 ኤፍ 100 በወጣ ጊዜ ግን መኪናው በጠባብ ቦታ እንዲዞር ሲባል የፊት አክስሉ ወደ ኋላ ተስቦ ርቀቱ 110 ኢንች ሆነ። እንግዲህ «ለፎርድ ነው» ተብሎ ብቻ የሚታዘዝ ዕቃ ለባለቤቱ ኪሣራ ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በነባሩ አሠራር የባሌስትራውን ንብርብር ብረቶች የሚያጣምረው የመካከል ቡሎን በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ የእግሩ ቦታ አይሳትም። ከ1974 እስከ 1978 ከተሠራው ከሁለተኛው ሙስታንግ የተወሰደው አዲሱ አሠራር ግን አግዳሚ ብረቱ በሻንሲው ላይ እንዲበየድ ይጠይቃል። አግዳሚው ከተበየደ በኋላ እግሩን ማንቀሳቀስ ብረቱን ዳግመኛ መቍረጥ ነው። ላይኛው ክንድ ላይ ያለው ማስተካከያ የእግሩን ዝንባሌ ለማረም እንጂ ቦታውን ለመለወጥ አልተሠራም፤ ለቦታ ሲባል ቢጐተት መሪው ከመዞር በኋላ ወደ ቀጥታ የመመለስ ጠባዩን ያጣል።

የኤፍ 100 ባለቤቶች መኪናውን ዝቅ ሲያደርጉ ጎማው ከፓራፋንጎው ክፍት መካከል ወደ ኋላ ያዘነበለ መስሎ ስለሚታይ፥ ብዙዎች እግሩን አንድ ኢንች ያህል ወደ ፊት ያመጡታል። አንድ ኢንች በፊት እግር ላይ የሚያርፈውን ጭነት የሚቀንሰው ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ጕዳቱ ጥቂት ነው። ነገር ግን የመሪው ጥርስ ከአግዳሚው ጋር አብሮ ስለሚሄድ፥ የመሪው ዘንግ ከጭስ ማውጫውና ከሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

«አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ተስማሚ ምክር ነው። ነባሩ አክስል ሳይወጣ፥ መኪናው ሞተሩንና ሙሉ አካሉን ተሸክሞ በደልዳላ ወለል ላይ እንደ ቆመ፥ ከእግሩ መካከል ቱንቢ ወርዶ ምልክቱ በሻንሲው ላይ ይደረጋል፤ ባሌስትራ ጭነት ሲቀነስለት ቅርጹን ስለሚለውጥ በባዶ ሻንሲ ላይ የተወሰደ ልክ አይታመንም። አግዳሚው በመጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛል። ከዚያም ርቀቱ በግራና በቀኝ እኩል መሆኑ በቀጥታም በመስቀልኛም ይለካል፤ እኩል ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። በመጨረሻም ፓራፋንጎውና ጎማው ተገጥመው መሪው እስከ ዳር ሲዞር የሚነካካ አለመኖሩ ታይቶ ብየዳው ይፈጸማል።

ዕቃውን የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴም ከደንበኛው የመኪናውን ዓመትና ሞዴል፥ የፊትና የኋላ እግሮችን ርቀት፥ ከግራ እስከ ቀኝ ያለውን የእግር ስፋት፥ የቸርኬውንና የጎማውን ልክ፥ እንዲሁም መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ በጽሑፍ ተቀብሎ ትእዛዙን ቢልክ ይበጀዋል። የተበየደ ዕቃ ለሻጩ አይመለስም፤ በተሳሳተ ቦታ የተበየደ የፊት እግር ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሠጋው የነጂውን ሕይወት ነው።