ከቀለሙ በፊት ወረቀቱና ዝገቱ

እ.ኤ.አ. የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ለአሜሪካ «መስል ካር» ዘመን ፈር ከቀደዱት ዋነኛው ነው፦ መካከለኛ መኪና ላይ 6.4 ሊትር፣ 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 ሞተር።

ሊያድሰው የተነሳ ሰው ከመፍቻ በፊት ወረቀት ያገላብጥ። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፤ ሌማንስ የተባለውን የፖንቲያክ ሞዴል የገዛ ሰው ጨምሮ የሚያዝዘው አማራጭ ነበር። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩ ብቻውን እውነተኛነቱን አይመሰክርም። ከ1966 እስከ 1971 በተሠሩት ላይ ግን ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። ተራ ሌማንስ ላይ የጂቲኦ ዋጋ መክፈል የሚያንገበግብ ኪሳራ ስለሆነ የፋብሪካው ሰነድ ቅጂ ሳይታይ ገንዘብ አይቆጠር።

ቀጥሎ ዝገት። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ የጎማ መከለያውንና የበሩን ግርጌ ማሰስ ነው፤ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፉም ተገልጦ ወለሉ ይታይ።

ሞተር ጀማሪን ያስፈራል እንጂ መለዋወጫው ይገኛል፤ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው የበሰበሰ ቦዲ ነው።

መኪናውን በአንዴ መበታተን አይመከርም። ፍሬን ይቅደም! የ1964ቱ የፍሬን ፓምፕ ባለ አንድ መስመር በመሆኑ ዘይቱ አንድ ቦታ ላይ ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ።