የእንስሳት ጠባይና የሐኪሙ ዐይን

የሰው ሐኪም በሽተኛ ፊቱ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መጠየቅ ነው። የት ላይ እንደሚያመው፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ይጠይቃል። የእንስሳት ሐኪም ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በሬውም ሆነ በጉ፣ በቅሎዋም ሆነች ውሻው ስለ ሕመማቸው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ስለዚህም ሐኪሙ የሙቀት መለኪያውንና የልብ ማዳመጫውን ከማንሣቱ በፊት የእንስሳውን አቋቋም፣ አረማመድ፣ አበላልና አተኛኘት መመልከት ግድ ይሆንበታል።

የእንስሳትን ጠባይ ማጥናት የእረኛ ጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በሕክምና ዘርፍ የሚሰጠውን የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ሦስቱ ሊቃውንት፣ ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን፣ የደከሙት በንቦች፣ በዝዪዎችና በባሕር ወፎች ጠባይ ላይ ነበር።

የዚህን ጉዳይ ክብደት እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ጥፋታችን ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የተራራ ጦር ሰፈር ሳለን፣ ውኃ ከወንዝ ወደ ምሽጉ የሚመላለሰው በበቅሎ ጀርባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በቅሎ ጠባቂው፣ በዕድሜ የገፋ ወታደር፣ ቀረብ ብሎ «ጌታዬ፣ ዳማዋ ገብሷን አልነካችም፤ ጎኗንም ሦስት ጊዜ ዞራ አይታለች። ዛሬ ባትጫን ይሻላል» አለን። እኛም ስንፍና ነው ብለን እንድትጫን አዘዝን። አቀበቱን ሳታጋምስ ከነጭነቷ ተኛች፤ ሌሊቱንም በሆድ ቁርጠት ሞተች። በምሽጉ የነበሩት ወታደሮችም እስከ ማግሥቱ ውኃ ሳያገኙ ቆዩ። ጠባቂው ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሣብንም፤ ይህም ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከብዶን ነበር።

ፈረስ ቁርጠት ሲይዘው በኮቴው መሬት ይጭራል፣ ይንከባለላል፣ ያልበዋል። አህያ ግን ብዙውን ጊዜ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ መኖ መተውዋ ብቻ ነው የሚታየው። በቅሎም በዚህ ረገድ ወደ አባቷ ወደ አህያው ታደላለች። በአራዊት ሲታደን የኖረ ዘር ድካሙን መግለጽ አይወድም፤ ምክንያቱም አዳኙ ከመንጋው መካከል የሚመርጠው ደካማውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች የፈረስን ሕመም ከፊቱ ለመለካት የሚያስችል ሠንጠረዥ አውጥተዋል። ወደ ኋላ የዞረ ጆሮ፣ የጠበበ ዐይን፣ የተወጠረ የመንጋጋ ጡንቻ ሁሉ ነጥብ ይሰጠዋል። ያ በቅሎ ጠባቂ ይህን ሠንጠረዥ ቢያይ ኖሮ ብዙ የሚደነቅ አይመስለንም።

ጠባይ በሽታውን ብቻ ሳይሆን በሽታው ያለበትን ቦታ ጭምር የሚያመለክትበት ጊዜ አለ። የደጋ በግ አርቢዎች «አዙሪት» የሚሉት በሽታ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በጉ ከመንጋው ተለይቶ ይቆማል፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያም በአንድ ቦታ ላይ ይዞራል። ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲሆን፣ ከረጢቱም በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል እጭ ነው። በጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን በመሆኑ፣ ልምድ ያለው ሐኪም አዟዟሩን አይቶ የራስ ቅሉን የት ላይ መክፈት እንደሚገባው ይገምታል። በብዙ ቤት ግን በጉ ይታረድና ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዐይነ ምድሩ ጋር ወደ ግጦሹ ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ወራትም ሌላ በግ መዞር ይጀምራል። ጭንቅላቱን ማቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ለውሻውም የትል መድኃኒት መስጠት ዙሪያውን ይቆርጠዋል።

የጠባይ ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ የሰውን ሕይወት የሚነካው ግን በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ያበደ ውሻ ማለት አፉ አረፋ ደፍቆ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ መታየት ያለበት ለውጡ ነው። ተናካሹ ውሻ ሰው ለመላስ ይጠጋል፤ ለማዳው ጨለማ ፈልጎ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ ከሰው ይሸሽ የነበረው ቀበሮ በቀትር መንደር ውስጥ ይገባል። በሽታው በዝምታ የሚመጣበትም መንገድ አለ። የውሻው መንጋጋ ወርዶ ይንጠለጠላል፣ ለሀጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ባለቤቱም አጥንት አነቀው ብሎ ጣቱን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። በላምም ላይ እንዲሁ ነው። ድምፅዋ ጎርንኖ ደጋግማ ታገሣለች፣ ለሀጭ ታዝረበርባለች፣ ውኃ መዋጥ ያቅታታል። ድንች ወይም አጥንት ተሰንቅሮባታል ብሎ እጁን እስከ ክንዱ ያስገባ ሰው ሳይነከስ ራሱን ለበሽታው አጋለጠ ማለት ነው፤ በሽታው ያለው በለሀጩ ውስጥ ነውና።

ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻ ሰው ቢነክስ ወዲያው በዱላ መግደል የተለመደ ነው። ነገር ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ይበልጣል። ሲነክስ በሽታው በለሀጩ ውስጥ ኖሮ ቢሆን በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክቱ ይታያል፤ ውሻውም ይሞታል። 10 ቀን ሙሉ በልቶና ጠጥቶ ጠባዩ ሳይለወጥ ከቆየ ግን ንክሻው በሽታውን አላስተላለፈም። ይህ ማለት የተነከሰው ሰው አብሮ ይጠብቅ ማለት አይደለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና፣ ክትባቱ የሚረዳው ቀድሞ ከተጀመረ ብቻ ነው። እጁን ወደ ላሟ አፍ የሰደደው ባለከብትም፣ በተለይ ጣቱ ላይ የእሾህ ጭረት እንኳ ቢኖርበት፣ ይኸው ይመለከተዋል።