ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ

የሰው ዓይን መርምሮ መነጽር የማዘዝ ሙያ፣ ኦፕቶሜትሪ፣ ለወገን የሚጠቅም ሙያ ነው። ሆኖም ናይሮቢ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት «እውቅናው በቅርቡ ይመጣል» ቢልዎ፣ ዘመድ የላከልዎትን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያመዛዝኑ። «አመልክተናል» ማለት «ተፈቅዶልናል» ማለት አይደለም።

ለዲግሪ ከሆነ የኬንያን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ራስዎ ይጠይቁ። ተማሪዎች በየትኛው የዓይን ክሊኒክ እንደሚለማመዱም ይወቁ። ካካሜጋ የሚገኘው ማሲንዴ ሙሊሮ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በዲግሪ ስለሚሰጥ ያወዳድሩ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ጎበዝ መምህራን ሊኖሩት ይችላል። እውቅናው ከቀረ ግን የምስክር ወረቀቱ ሥራ ላያስገኝልዎት ይችላል፤ አገርዎ ቢመለሱ ወይም ሌላ አገር ቢሄዱም ትምህርቱን እንደገና «ሀ» ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ። አንድ ዓመት መጠበቅ ብዙ ዓመት ከመክሰር ይሻላል።