በባሕር መካከል የሚቆሙ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች

የሰው ልጅ ነዳጅ ዘይትን አስቀድሞ የፈለገው በየብስ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ነዳጅ የሚገኝባቸው የአለት ንጣፎች ባሕር ዳርቻ ሲደርሱ የሚያበቁ አይደሉም፤ ከባሕሩ ወለል በታችም ይቀጥላሉ። ስለዚህ ቆፋሪዎች የነዳጁን ዱካ ተከትለው ወደ ባሕር ገቡ። በ1947 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከየብስ ሆኖ በዓይን በማይታይ ርቀት ላይ ተቆፍሮ ነዳጅ ያወጣው ጉድጓድ ለዚህ ሥራ ፋና ወጊ ሆነ። ለመሆኑ ከባሕር ነዳጅ የሚወጣበት መድረክ ምን ዓይነት ነገር ነው? በማዕበል መካከል እንዴት ይቆማል? አደጋ ሲደርስበትስ በሰውና በተፈጥሮ ላይ ምን ጉዳት ያስከትላል? ከዚህ ቀጥሎ እነዚህን ጥያቄዎች በተራ እንመለከታለን።

እስቲ አንድ መድረክ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ዙሪያውን ከውኃ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በግዙፍ የብረት እግሮች ላይ የመቆፈሪያው ማማ፣ ፓምፖቹ፣ ነዳጁን ከጋዝና ከውኃ የሚለዩት መሣሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው፣ የሠራተኞቹ መኝታና መመገቢያ ቤት፣ እንዲሁም የሄሊኮፕተር ማረፊያው ተደራርበው ይገኛሉ። በከተማ የነዳጅ ማከማቻ ከመኖሪያ ቤት ርቆ ይሠራል፤ በመድረክ ላይ ግን ሰው የሚተኛበት ክፍልና ጋዝ የሚያልፍበት ቧንቧ የሚለያዩት በጥቂት እርምጃ ነው። እሳት ቢነሣ መሸሻ ሜዳ የለም። የመድረክ ሥራ ከሌላው የምሕንድስና ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መድረኮች እንደ ባሕሩ ጥልቀት አሠራራቸው ይለያያል። ጥልቀቱ መጠነኛ በሆነበት ስፍራ የብረት እግሮቻቸው በባሕሩ ወለል ውስጥ ተቸንክረው ይቆማሉ። ከሲሚንቶና ከብረት ተሠርተው በራሳቸው ክብደት ብቻ የሚቆሙም አሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ባሕር ተጎትቶ የተተከለው ትሮል ኤ የተባለው የኖርዌይ መድረክ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ 472 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚህም አብዛኛው ከውኃ በታች ነው። እጅግ ጥልቅ በሆነ ባሕር ላይ ግን እግር መትከል ስለማይቻል፣ መድረኩ እየተንሳፈፈ በመልሕቅ ወይም በሞተሮች ኃይል ቦታውን እንዲይዝ ይደረጋል።

የመድረክ የመጀመሪያው ጠላት ማዕበል ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ብታጣጥፉት በመጨረሻ መበጠሱ አይቀርም። ሽቦውን የበጠሰው የአንዱ እጥፋት ኃይል ሳይሆን የእጥፋቱ ድግግሞሽ ነው። ማዕበልም ብረትን ያለማቋረጥ ሲመታው እንዲሁ ያደክመዋል። መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. (1980 እ.ኤ.አ.) በሰሜን ባሕር የሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረው አሌክሳንደር ሽላንድ የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ከአምስት እግሮቹ አንዱ ተገንጥሎ ተገለበጠ። በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች መካከል 123ቱ ሞቱ። ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ የጥፋቱ መነሻ አንዲት አነስተኛ መሣሪያ ለመያዝ በአንዱ ደጋፊ ብረት ላይ የተደረገ ደካማ ብየዳ ነበር። ከዚያ የጀመረው ስንጥቅ ቀስ በቀስ እያደገ ሄዶ ያን የሚያህል ግዙፍ አካል ጣለ።

ሁለተኛው ጠላት ከምድር ውስጥ የሚመጣው ግፊት ነው። ነዳጅና ጋዝ በአለት ተጨቁነው ስለሚኖሩ፣ ቀዳዳ ሲያገኙ በብርቱ ኃይል ወደ ላይ ይስፈነጠራሉ። ይህን ለመከላከል ቆፋሪዎች ሦስት ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። አንደኛ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ከባድ ጭቃ በጉድጓዱ ውስጥ በመሙላት ግፊቱን በክብደት ይጫኑታል። ሁለተኛ፣ በጉድጓዱ ግድግዳና በብረት ቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ሦስተኛ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ በአደጋ ጊዜ ቧንቧውን ቆርጦ መዝጋት የሚችል ታላቅ መዝጊያ ያኖራሉ። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው እንዲተካ ታስቦ የተደረገ ነው።

ይሁንና ብረትና ሲሚንቶ ብቻቸውን ሰውን አያድኑም። ፓይፐር አልፋ በተባለው መድረክ ላይ የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ መድረክ ከስኮትላንድ ከተማ ከአበርዲን በስተሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ ይገኝ ነበር። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. (ጁላይ 6 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.) ቀን ላይ፣ ከሁለት ፓምፖች አንደኛው ለጥገና ቆሞ፣ ከመጠን ያለፈ ግፊትን የሚያስተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ ተፈትቶ ተወሰደ። ሥራው በዕለቱ ስላላለቀ ቀዳዳው በብረት ክዳን ለጊዜው ተሸፈነ። ቫልቩ አለመኖሩን የሚገልጽ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱ ለሌሊቱ ፈረቃ ሠራተኞች አልደረሰም።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁለተኛው ፓምፕ በድንገት ቆመ። ፓምፕ ከሌለ የመድረኩ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ተረኞች በጥገና ላይ የነበረውን ፓምፕ አስነሡ። ጋዙም በደንብ ባልጠበቀው ክዳን በኩል ወጣ፤ አራት ሰዓት ላይም ፈነዳ። በመድረኩ ላይ እሳትን የሚከላከሉ ግድግዳዎች ነበሩ፤ ፍንዳታን እንዲቋቋሙ ግን አልተሠሩም። የእሳት ማጥፊያ ፓምፖችም በውኃ ውስጥ የሚሠሩ ጠላቂዎችን ስበው እንዳይጎዱ በማሰብ፣ በራሳቸው መነሣታቸው ቀርቶ በሰው እጅ ብቻ እንዲነሡ ተደርገው ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ እነርሱ መድረስ የቻለ ሰው አልነበረም። በቧንቧ የተያያዙት ጎረቤት መድረኮች ደግሞ ነዳጅ መላካቸውን ወዲያው አላቆሙም። ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ አንድ ትልቅ የጋዝ ቧንቧ በሙቀቱ ፈንድቶ መድረኩን በእሳት ዋጠው።

ብዙዎቹ ሠራተኞች በመኖሪያው ክፍል ተሰብስበው ሄሊኮፕተር ይጠብቁ ነበር፤ ጢሱና እሳቱ ግን ሄሊኮፕተር እንዲያርፍ የሚፈቅድ አልነበረም። ከተረፉት 61 ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ባሕሩ የወረዱ ወይም ከከፍታ የዘለሉ ናቸው። ሌሎችን ለማዳን በጀልባ ከቀረቡት ሁለት ሰዎች ጋር በጠቅላላው 167 ሰዎች ሞቱ።

አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ 106 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረቡ። ከዚያ በፊት ኩባንያዎች የተጻፈላቸውን ደንብ መፈጸማቸው ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በብሪታንያ ባሕር የሚሠራ እያንዳንዱ ድርጅት በመድረኩ ላይ ምን አደጋ ሊደርስ እንደሚችልና እንዴት እንደሚከላከለው ራሱ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለተቆጣጣሪው ማስረዳት ግዴታው ሆነ። አስተውሉ፤ የእነዚያ ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው በአንዲት ወረቀት ላይ ነበር። የተጻፈ ነገር የሚጠቅመው ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ሲደርስና በትክክል ሲነበብ ነው።

አደጋው የሰውን ሕይወት ቀጥፎ አያበቃም፤ ለባሕር ፍጥረታትም ይተርፋል። ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. (2010 እ.ኤ.አ.) በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ሲሚንቶው ነዳጁን አልገታም፤ ታላቁ መዝጊያም ጉድጓዱን ሊዘጋ አልቻለም። ጉድጓዱ የሚገኘው 1500 ሜትር ያህል ከውኃ በታች ስለነበር ፍሳሹን ለማቆም 87 ቀናት ፈጀ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ፤ አንድ በርሜል 159 ሊትር መሆኑን ልብ በሉ።

ነዳጅ በባሕር ላይ ሲፈስ አብዛኛው እንደ ስስ ምንጣፍ በውኃው ገጽ ላይ ይዘረጋል። የባሕር ወፍ ላባዋ በነዳጅ ሲነከር ብርድ መከላከልና መንሳፈፍ ይሳናታል፤ ራሷን ለማጽዳት ላባዋን ስትለቅም ደግሞ መርዙን ትውጣለች። አየር ለመሳብ ብቅ የሚሉት ኤሊዎችና ዶልፊኖች በመጥፎው ጋዝ ይጎዳሉ። በባሕሩ ዳር ያለው ረግረግ ሣሩ ሲሞት ሥሩ አፈሩን መያዝ ስለሚያቅተው መሬቱ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ጉዳቱ ተመልሶ ለሰው ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት በባሕረ ሰላጤው ከሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል የዓሣ ማጥመጃ ክልል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለጊዜው ተዘግቶ ብዙ ዓሣ አጥማጆች ሥራ ፈትተዋል።

አደጋ ባይደርስም መድረኮች በየዕለቱ የሚያደርሱት ብክለት አለ። ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውኃ የዘይት ርዝራዥ ይይዛል፤ ወደ ባሕር ከመለቀቁ በፊት መጣራት አለበት። በማማ ጫፍ የሚነድደው ትርፍ ጋዝም አየሩን ይበክላል። በሌላ በኩል የመድረክ እግሮች ለዓሦችና ለዛጎል ለባሽ እንስሳት መጠለያ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በዚህም የተነሣ ያረጀ መድረክ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያሉ አገሮች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ያረጁ መድረኮች በባሕር እንዳይጣሉ ከልክለዋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከላይ ያያችኋቸው ሦስት አደጋዎች የጀመሩት በትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ በደካማ ብየዳ፣ አንዱ ባልተላለፈ መልእክት፣ አንዱ ባልጠበቀ ሲሚንቶ። እነዚህን በጊዜው ማረም የሚጠይቀው ጥቂት ሰዓትና ጥቂት ገንዘብ ነበር። እናንተም ነገ በምሕንድስናም ሆነ በሌላ ሙያ ስትሰማሩ፣ የጀመራችሁትን ሥራ ለተተኪያችሁ ስታስረክቡ ያለቀውንና ያላለቀውን ለይታችሁ በግልጽ ጻፉ፤ በቃልም ንገሩ። ያን ጊዜ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ሕይወቱን ለእናንተ ጽሑፍ አደራ እንደሰጠ አትርሱ።

መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት በመድረክ ላይ የሚነሣ እሳት በየብስ ላይ ከሚነሣው የበለጠ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. «ስለዚህ»፣ «ይሁንና» እና «በሌላ በኩል» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ምን ምን ሐሳቦችን እንደሚያያይዙ አስረዱ።
3. አንድ ሥራ ሳትጨርሱ ለተተኪያችሁ እንደምታስረክቡ አድርጋችሁ፣ ከአሥር መስመር የማይበልጥ ግልጽ የማስረከቢያ ማስታወሻ ጻፉ።