ዕዳ የሌለበት ሰው ለምን አይታመንም?

ስሙኝማ! አሜሪካ የገባችሁም፣ ለመምጣት ሻንጣ የምትሸክፉም፣ ይህችን ሳልነግራችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ክሬዲት የሚሉት ነገር በመጨረሻ ገባኝ!

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን እናንሳ። ሥራ አላችሁ፣ ባንክ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ አላችሁ፣ የማንም ሳንቲም የለባችሁም። ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ ግን ሰውየው ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ «ክሬዲት የላችሁም» ይላል። አለመበደር ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የሰፈር ባለሱቅን የዱቤ ደብተር አስታውሱ። ባለሱቁ ዘይትና ስኳር በዱቤ የሚሰጠው ለሀብታም ሳይሆን ደመወዝ በወጣ ቁጥር መጥቶ ለሚከፍል ሰው ነው። ሁልጊዜ በእጅ በእጅ የሚገዛ ሰው ደብተሩ ላይ ስሙ የለም፤ ስለዚህ አመሉ አይታወቅም። አሜሪካኖች ይህን ደብተር አገር አቀፍ አድርገውታል! ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የሰዉን የብድር ታሪክ ይመዘግባሉ። ከመዝገቡ ተሰልቶ ነጥብ ይወጣል። በጣም የታወቀው ፋይኮ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል።

ይገርማችኋል፣ ደመወዝ እዚያ ስሌት ውስጥ የለም! ከመቶው 35 እጅ የሚሄደው በቀኑ ለመክፈል ነው፤ 30 እጁ አሁን ላለባችሁ ዕዳ መጠን፣ 15 እጁ ደግሞ ለታሪካችሁ ዕድሜ። የቀረው ትንሽ ትንሽ ነው። ዴቢት ካርድ የራሳችሁን ገንዘብ ስለሚያወጣ ለዓመታት ብትጠቀሙበትም ነጥብ አይሠራላችሁም።

ታዲያ ታሪክ ለሌለው ማን ያበድራል? እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። 200 ዶላር መያዣ ታስቀምጣላችሁ፤ ባንኩ እስከ 200 ዶላር የሚያበድር ክሬዲት ካርድ ይሰጣችኋል። የገዛ ገንዘብን አስይዞ መበደር! ግን ይሠራል፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያው ነጥብ ብቅ ይላል።

አሁን ጆሮ ስጡኝ፤ በጣም የወደድኳት እዚህ ጋ ናት። ካርዱ በወር ሁለት ቀን አለው፦ ሂሳቡ የሚዘጋበትና የመክፈያው የመጨረሻ ቀን። በመሀላቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አለ። እንበልና ከ200ው 180 ዶላር አስቤዛ ገዛችሁበት። ሂሳቡ በ5 ተዘጋ፤ እናንተ በ25 ሙሉውን ከፈላችሁ። አልዘገያችሁም፣ ወለድም አልከፈላችሁም። ነጥቡ ግን ወረደ! ለምን? ባንኩ ለነዚያ ሦስት ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው ሂሳቡ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ዕዳ ነዋ! እነሱ ያዩት ከካርዱ አቅም ዘጠና ከመቶውን የተጠቀመ ሰው ነው፤ ማለትም ኪሱ የተራቆተ።

እንግዲያው በ3 ላይ 170ውን ክፈሉና በ5 ሂሳቡ ሲዘጋ 10 ዶላር ብቻ ይታይ። አምስት ከመቶ! ያው ገንዘብ፣ ያው አስቤዛ፤ የተቀየረው የከፈላችሁበት ቀን ብቻ ነው። ይህ ሲገባኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አንዲት ነገር ደግሞ አለች። አጎታችሁ ለዓመታት በደንብ የከፈለበት ካርድ ካለው፣ ስማችሁን ተጠቃሚ ብሎ ያስገባላችሁ፤ ብዙ ባንኮች የዚያን ካርድ ታሪክ እናንተም መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። ካርዱን በእጃችሁ ባይሰጣችሁም ግድ የለም። ብቻ አጎትየው መክፈል የሚረሳ ከሆነ መዘግየቱም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመለመናችሁ በፊት ጠባዩን አክስታችሁን ጠይቁ።