ደብረ ዳሞ፦ ደረጃው ሆን ተብሎ የፈረሰበት ገዳም

ከአዲግራት ወደ አድዋ የሚወስደውን መንገድ ለቀው ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ይታያል። ደብረ ዳሞ ነው። መነኮሳቱ የሚኖሩት እላይ ነው፤ መውጫው ደግሞ ገመድ ነው።

ገመዱ ከጠፍር የተገመደ ሲሆን 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ በቆመ አለት ላይ ተንጠልጥሏል። ወጪው ወገቡ ላይ ሌላ ጠፍር ይታሰርለትና ጫፉን መነኩሴ ከላይ ይይዝለታል። ከዚያ ወፍራሙን ገመድ ጨብጦ፣ የስንት ዘመን እግር ያለሰለሳቸውን የአለት ጎድጓዶች በእግሩ ጣት እየፈለገ ይወጣል። እህሉም በሬውም ተጎትቶ የሚወጣው በዚሁ ነው።

ገዳሙን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ናቸው። እንደ ትውፊቱ ጻድቁን ወደ አምባው ያወጣቸው ዘንዶ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ዐፄ ገብረ መስቀል ለሥራው መወጣጫ አበጅተው ነበር ይባላል፤ ሕንፃው ሲያልቅ ግን አረጋዊ እንዲፈርስ አደረጉ።

መወጣጫው መፍረሱ ምን እንዳተረፈ ግድግዳው ይናገራል። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ የቆመ ነው፤ አግዳሚዎቹን የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ብሏል። የአክሱም ሐውልቶች ይህንኑ አሠራር በድንጋይ ቀርጸው ያሳያሉ፤ የላሊበላ ሠራተኞችም ከአለት ፈልፍለውታል። ዳሞ ላይ ያለው ግን ራሱ እንጨቱ ነው። የጣሪያው ገበታዎች እንስሳት ተቀርጸውባቸዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ዴሪክ ማቲውስ በ1940 ዓ.ም. ግድም ሕንፃውን አድሶታል። አምባው ላይ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስቀረጿቸው ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞችም ተገኝተዋል፤ የአክሱም ንግድ እስከ ሕንድ መድረሱን ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ገደል ግን የሚመልሰው በእግር የመጣን ነው። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ገዳሙ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ የመነኮሳት ቤቶች መጎዳታቸው ተዘግቧል። ስንት ዘመን ያሻገረው ጥበቃ ከሩቅ ለሚተኮስ መድፍ አልተሠራም።

የአያቶቹን ገዳም ሊሳለም ከዋሽንግተንም ሆነ ከስቶክሆልም ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይንገራቸው፦ ወደ አምባው ሴት አትወጣም። ከእንስሳት እንኳ የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። እናቶች የሚጸልዩት ከገደሉ ሥር ሆነው ነው፤ ይህን እዚያ ደርሳ የምትሰማ ልጅ ብትከፋ አይፈረድባትም። የአቡነ አረጋዊ በዓል ጥቅምት 14 ነው። ያን ቀን ምእመኑ ብዙ፣ ገመዱ ደግሞ ሰው በተራ የሚያወጣ ስለሆነ፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ረጋ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።